ጭቃ መራጊዋ ሸረሪት አዳኝ

በገጠርም ሆነ በከተማ፣ ዝናብ በማያገኘው የቤት ጥግ ላይ የተለጠፈ የደረቀ የጭቃ ጉብታ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። በመስኮት ማዕዘን፣ ከቆርቆሮ ክዳን ሥር ባለው ማገር፣ በበረንዳ ኮርኒስ፣ አንዳንዴም ለብዙ ወራት ካልተነካ የመጻሕፍት መደርደሪያ ጀርባ ይገኛል። ከሩቅ ሲያዩት አንድ አስቸጋሪ ልጅ ወርውሮ የለጠፈው እፍኝ ጭቃ ይመስላል። ቤት የሚያጸዳ ሰው በመጥረጊያ እጀታ ያረግፈዋል፤ ቀለም ቀቢ በመፋቂያ ያነሣዋል። አንዳንዶች ግን ከመጣላቸው በፊት ሰብረው ውስጡን ይመለከታሉ፤ የሚያዩትም ነገር አብዛኛውን ጊዜ ያስደነግጣቸዋል። በጭቃው ውስጥ በርካታ ትናንሽ ሸረሪቶች እግሮቻቸውን አጣጥፈው፣ እንደ እህል በጎተራ ታጭቀው ይገኛሉ።

የጎተራው ባለቤት በሳይንሳዊ መጠሪያዋ ሴሊፍሮን ስፒሪፌክስ የምትባል የተርብ ዝርያ ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ መዝገብ ያሰፈራት ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኒየስ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1758 ነው። ዝርያዋ በአፍሪካ በስፋት የምትገኝ ስትሆን፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግራ እስከ ደቡብ አውሮፓ ድረስ ትኖራለች። የቅርብ ዘመዶቿ ደግሞ በአሜሪካ፣ በእስያና በአውስትራሊያ ተሠራጭተው የሚገኙ ሲሆን፣ ሁሉም ከጭቃ ቤት የመሥራትና ሸረሪት የማደን ጠባይ ይጋራሉ። ከእነዚህ ዘመዶቿ የአንዷ ስም በአቪዬሽን ታሪክ ውስጥ ከከባድ አደጋ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ወደዚያ ጉዳይ በኋላ የምንመለስ ይሆናል።

ተርቧ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት አላት። መላ አካሏ ጥቁር ሲሆን፣ እግሮቿ ጥቁርና ቢጫ የተቀላቀለባቸው ናቸው። ከሌሎች ተርቦች በቀላሉ የምትለየው በወገቧ ነው። ደረቷና ሆዷ የሚገናኙት እንደ ክር በቀጠነ፣ ረዘም ባለ ቢጫ ዘንግ ነው። በአየር ላይ ስትበር ረጃጅም እግሮቿ ወደ ታች ተንጠልጥለው ይታያሉ። ይህ አኳኋኗ የሚያስፈራ በመሆኑ ብዙ ሰው ከፊቷ ይሸሻል ወይም በያዘው ነገር ሊመታት ይሞክራል።

ፍርሃቱ ግን መሠረት የለውም። ይህች ተርብ እንደ ንብ ወይም በዛፍ ላይ የወረቀት መሰል ቤት እንደሚሠሩት ተርቦች በመንጋ አትኖርም። ንግሥት የላትም፣ ሠራተኛም የላትም። እያንዳንዷ እንስት ብቻዋን ትሠራለች፣ ብቻዋን ታድናለች፣ ብቻዋን እንቁላል ትጥላለች። የመንጋ ተርቦችና ንቦች ሰው ወደ ቤታቸው ሲጠጋ ተረባርበው የሚናደፉት የጋራ ሀብታቸውን ለመከላከል ነው። ብቸኛዋ ጭቃ መራጊ ግን መርዟን ያዘጋጀችው ለሸረሪት እንጂ ለሰው አይደለም። ቤቷ በፊቷ ሲፈርስ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ዞር ዞር ብላ ትሄዳለች። በእጅ ጨምቆ የያዛት ሰው ካልሆነ በስተቀር በእሷ የሚነደፍ ሰው እምብዛም የለም።

የግንባታ ሥራው የሚጀምረው እርጥብ አፈር በመፈለግ ነው። በክረምት ጭቃ በየቦታው ስለሚገኝ ችግር የለባትም፤ በበጋ ግን ከሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር፣ ከምንጭ ዳር ወይም ከመስኖ ቦይ አጠገብ ትታያለች። ጭቃ ስትሰበስብ ሰውነቷን በረጃጅም እግሮቿ ላይ ከፍ አድርጋ፣ ክንፎቿን እያርገበገበች፣ ልብሱ እንዳይቆሽሽበት ሱሪውን እንደሰበሰበ ሰው ትቆማለች። በመንጋጋዋ ጭቃውን እየፋቀች የአተር ፍሬ የሚያህል ድብልብል ታበጃለች፤ ከዚያም ይዛው ወደ መረጠችው ጥግ ትበራለች።

እዚያ ስትደርስ ድብልብሉን በመንጋጋዋና በፊት እግሮቿ እየዳመጠች በቀጭን ቅስት መልክ ትዘረጋዋለች። በዚህ ጊዜ ከፍ ያለ የጥዝዝታ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ የሚመጣው ተርቧ የበረራ ጡንቻዎቿን በማንቀጥቀጥ ጭቃው ይበልጥ እንዲለሰልስና ከሥር ካለው ጋር እንዲዋሐድ ስለምታደርግ ነው። ኮንክሪት ሲሞላ በንዝረት መሣሪያ የሚጠቀሙ የግንባታ ሠራተኞች የሚሠሩት ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም። አንዱ ቅስት ከቀኝ፣ ሌላው ከግራ እየተጋጠመ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት፣ አንድ ጫፏ ክፍት የሆነች ቱቦ ትወጣለች። አንዲት ክፍል ለመጨረስ በአሥሮች የሚቆጠሩ ምልልሶች ያስፈልጋሉ። ከመጀመሪያዋ ክፍል ጎን ሁለተኛ፣ ከላይዋ ሦስተኛ እየተጨመረ ይሄድና፣ በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ወፍራም የጭቃ ልባስ ይሸፈናሉ። ከውጭ የምናየው ቅርጽ አልባ ጉብታ ይኸው ልባስ ነው። ውስጡ ሲከፈት የሚታየው የክፍሎቹ ሥርዓት በውጪው መልክ ፈጽሞ የሚገመት አይደለም።

የሀገራችን የጭቃ ቤት ሠሪ ጭቃውን በጭድ ያቦካል፣ ለቀናት ያብላላዋል፣ ከዚያም ይመርጋል። ተርቧ ግን ጭድ አታውቅም። ጭቃዋን የሚያጠነክር ሙጫም አትጨምርም። እንዳገኘችው አምጥታ ትለጥፈዋለች፤ በደረቀ ጊዜም ጥንካሬው የተራ ደረቅ ጭቃ ጥንካሬ ብቻ ነው። ጥቂት የውኃ ጠብታ ቢያርፍበት ተመልሶ ይላላል። በዚህ ምክንያት ከዝናብ የተከለለ ቦታ ማግኘት ለእሷ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ሰው ቤት መሥራት ከመጀመሩ በፊት ዘመዶቿ ከዋሻ አፍና ከተንጠለጠለ ቋጥኝ ሥር ይሠሩ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬም በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የሚሠሩ አሉ። የሰው ልጅ ጣሪያ ሲያበጅ ግን ለእሷም ሳያውቅ መጠለያ አበጀላት።

ስለ ዝርያዋ አኗኗር በስፋት ከጻፉት መካከል ቀዳሚው ፈረንሳዊው መምህርና የነፍሳት ተመራማሪ ዣን ኦንሪ ፋብር ነው። ፋብር እ.ኤ.አ. ከ1823 እስከ 1915 የኖረ ሲሆን፣ በነፍሳት ላይ ያደረጋቸውን ምልከታዎች ከ1879 እስከ 1907 ባሉት ዓመታት በአሥር ቅጾች አሳትሟል። ቻርልስ ዳርዊን ወደር የማይገኝለት ተመልካች ሲል አወድሶታል፤ ፋብር ግን የዳርዊንን የዝግመተ ለውጥ ሐሳብ አልተቀበለም። በሚኖርበት ደቡብ ፈረንሳይ ይህች ተርብ ሙቀት ወዳድ ከመሆኗ የተነሣ ከገበሬዎች የምድጃ ጭስ መውጫ ውስጥ ትሠራ እንደነበር ተመልክቷል። ከሥሯ እሳት ሲነድና ድስት ሲፈላ፣ በእንፋሎቱና በጭሱ መካከል እየተመላለሰች ሥራዋን ታከናውን ነበር። ጭስ በሚበዛበት የገጠር ማእድ ቤት ጣሪያ ሥር የተርብ ጭቃ ያየ የሀገራችን ሰው በዚህ ታሪክ የሚደነቅ አይመስልም።

ክፍሏ ተሠርታ ስትደርቅ አደን ይጀመራል። ተርቧ ራሷ ሥጋ በል አይደለችም ለማለት ይቻላል። ለራሷ ምግብ የምትወስደው ከአበባ የምትቀስመውን ጣፋጭ ፈሳሽ ሲሆን፣ አልፎ አልፎ ከያዘችው ሸረሪት የሚወጣውን ፈሳሽ ትመጣለች። ሸረሪቱ የሚያስፈልገው ለልጇ ነው። በቁጥቋጦና በሣር መካከል፣ በግድግዳና በአጥር ላይ እየዞረች ትፈልጋለች። ክብ ድር የሚያደሩ ሸረሪቶች፣ በአበባ ላይ የሚያደፍጡ ሸርጣን መሰል ሸረሪቶችና ድር ሳያደሩ ዘለው የሚይዙ ሸረሪቶች የአደኗ ዒላማዎች ናቸው። በድሩ መካከል ያለ ሸረሪት አደጋ ሲሰማው ብዙ ጊዜ ራሱን ወደ መሬት ይወረውራል፤ ተርቧም ተከትላ ትወርዳለች። ስትይዘው ሆዷን ቆልምማ መንደፊያዋን በሸረሪቱ ደረት ሥር፣ እግሮቹን የሚያዝዘው የነርቭ ማዕከል ካለበት ስፍራ ትወጋዋለች። ሸረሪቱ ወዲያው ይዝላል።

የዚህ ጥበብ ዋና ቁም ነገር አለመግደሉ ላይ ነው። በሞቃት አካባቢ የሞተ ሸረሪት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበሰብሳል ወይም ይደርቃል። ሽባ የሆነ ሸረሪት ግን መንቀሳቀስ አይችል እንጂ ሕይወቱ ስላልወጣ ሥጋው ሳይበላሽ ይቆያል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ዓለም ሥጋ ሳይበላሽ የሚቆይበት ዘዴ ይህ ነው። ፋብር በዚህች ዝርያ ጎጆ ውስጥ ያገኛቸው ሸረሪቶች ሽባ ሳይሆኑ የሞቱ ናቸው ብሎ ያምን የነበረ ሲሆን፣ ከእሱ በኋላ በዘመዶቿ ላይ የተደረጉ ምልከታዎች ግን አብዛኞቹ ሸረሪቶች ሽባ ሆነው እንደሚቆዩና ከፊሎቹ ብቻ እንደሚሞቱ አሳይተዋል። ቢሆንም ከፋብር ትዝብት አንዱ ዛሬም ዋጋ አለው። እሱ ያስተዋለው ተርቧ አንድ ትልቅ ሸረሪት ከማምጣት ይልቅ ብዙ ትናንሾችን የምትመርጥ መሆኗን ነው። ትልቅ ሸረሪት ከተቦጨቀ በኋላ ተበልቶ ሳያልቅ ሊበሰብስ ይችላል። ትናንሾቹ ግን አንድ በአንድ የሚበሉ በመሆናቸው አንዱ ተጀምሮ እስኪያልቅ የቀሩት ሳይነኩ ይቆያሉ። በርበሬውን በአንድ ቀን ከመፍጨት ይልቅ ዛላውን አስቀምጦ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት የሚያስፈጭ ሰው የዚህን ዘዴ ጥቅም ያውቀዋል።

እንቁላሉ የሚጣለው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ በገባው ሸረሪት ሆድ ላይ ነው። ይህም የራሱ ምክንያት ያለው ይመስላል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ቀድሞ የሚያገኘው ቀድሞ የገባውን፣ ማለትም ከሁሉም ቀድሞ ሊበላሽ የሚችለውን ሸረሪት ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሌሎች ሸረሪቶች ይታጨቃሉ። ቁጥራቸው እንደ መጠናቸው ይለያያል፤ ትልልቅ ከሆኑ ጥቂት፣ ትናንሽ ከሆኑ ከአሥር በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከመኖሪያ ቤቱ በረንዳ ላይ የወደቀ አንድ ጉብታ ሰብሮ በአንዲት ክፍል ውስጥ 14 ሸረሪቶች ቆጥሯል። ከመካከላቸው ሁለቱ በስንጥር ጫፍ ሲነኩ እግራቸውን በዝግታ አንቀሳቅሰዋል። ነገሩ ለዓይን ደስ የሚያሰኝ አልነበረም።

ክፍሏ ስትሞላ በጭቃ ትከደንና እናቲቱ ወደሚቀጥለው ሥራ ታልፋለች። ልጇን ተመልሳ አታይም። ትሉ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይፈለፈላል። ነጭ፣ እግር አልባና ዓይን አልባ ሲሆን፣ ከተወለደበት ሸረሪት ለስላሳ ሆድ ጀምሮ መብላቱን ይቀጥላል። በጠባብ ዝግ ክፍል ውስጥ የሚኖር እንደመሆኑ ምግቡን እንዳያቆሽሽ የሚያደርግ አስደናቂ አፈጣጠር አለው። ይኸውም በሚበላበት ጊዜ ሁሉ የአንጀቱ መጨረሻ ዝግ ሲሆን፣ ቆሻሻው የሚወገደው ምግቡ ካለቀና ከሐር የተሠራ ሽፋኑን ለራሱ ካደራ በኋላ ነው። በሽፋኑ ሥር የምትገኘው ጥቁር ድፍን የዚያ ውጤት ናት። በዚህ ሽፋን ውስጥ ትሉ ወደ ተርብነት ይለወጣል። ብርድ ባለባቸው አገሮች ክረምቱን በሙሉ በሽፋኑ ውስጥ ተኝቶ ያሳልፋል። በመጨረሻም ጎልማሳዋ ተርብ በመንጋጋዋ ጭቃውን ቦርቡራ ትወጣለች።

ከዚህ ሁሉ ሥርዓት በስተጀርባ ምን ያህል ማስተዋል አለ የሚለውን ጥያቄ ፋብር በቀላል ሙከራ መርምሮታል። ተርቧ የመጀመሪያዋን ሸረሪት አስገብታ እንቁላል ከጣለችበት በኋላ፣ እሷ ለአደን በሄደችበት ሸረሪቷንም እንቁላሉንም በመቆንጠጫ አወጣ። ተርቧ ሁለተኛውን ይዛ ተመለሰች፤ አስገብታም ሄደች። እሱም አወጣው። ሦስተኛውን አመጣች፤ እሱም አወጣ። እንዲህ እያለ ቆየ። ተርቧ ክፍሏ ባዶ መሆኗን አይታ እንደ አዲስ እንቁላል አልጣለችም፤ ወይም ሥራውን አልተወችም። ልታመጣ የሚገባትን ያህል ካመጣች በኋላ ባዶዋን ክፍል በጭቃ በጥንቃቄ ከደነቻት። በሌላ ጊዜ ደግሞ የውጭ ልባሱን በምትለጥፍበት ወቅት ጎጆውን በሙሉ ከግድግዳው ላይ አነሣው። ተርቧ ግን ጎጆው የነበረበትን ባዶ ግድግዳ በጭቃ መለጠፏን ቀጠለች።

ፋብር ከዚህ ተነሥቶ የነፍሳት ጥበብ በተፈጥሮ የተሰጠ፣ ከተሰመረለት መሥመር የማይወጣ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደርሷል። ይህ ድምዳሜ በመጠኑ የከረረ ይመስላል። ምክንያቱም ተርቧ ቦታ ስትመርጥ፣ ጭቃ ከሩቅ ስታመጣና የራሷን ጎጆ ከሌሎች መካከል ለይታ ስትመለስ የምታሳየው የማስታወስ ችሎታ ቀላል አይደለም። የሙከራዎቹ ውጤት ግን እስከ ዛሬ እንዳስገረመ አለ።

ጎጆዋ ጠላት የሌለበት አይደለም። ሰውነታቸው እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ ጥገኛ ተርቦች ክፍሏ ከመከደኗ በፊት ሾልከው ገብተው የራሳቸውን እንቁላል ይጥላሉ። ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይበልጡ ሌሎች ጥገኛ ተርቦች ደግሞ በትሉ ላይ ብዙ እንቁላሎች ጥለው ልጆቻቸው ትሉን በልተው እንዲጨርሱት ያደርጋሉ። አንዳንድ ዝንቦችም ተርቧ አድና ስትመለስ ከኋላ ከኋላዋ ተከትለው ይህንኑ ይሞክራሉ። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ሰማያዊ ቀለም ያላት አንዲት ዘመዷ ራሷ ጎጆ መሥራት ትታ የሌላዋን ትወርሳለች። ውኃ በአፏ አምጥታ የተከደነውን ጭቃ ታላላለች፣ ትከፍታለች፣ የውስጡን ሸረሪቶች አውጥታ ትጥላለች፤ በምትካቸውም የራሷን ታስገባና በዚያው ጭቃ መልሳ ትዘጋዋለች። ይህቺ ወራሪ ጥቁሯ መበለት በመባል የምትታወቀውን አደገኛ መርዛማ ሸረሪት አዘውትራ የምታድን በመሆኗ የቤት ባለቤቶች ይወዷታል።

ሸረሪት አዳኝ ተርቦች ሁሉ ብዙ ትናንሽ ሸረሪቶችን የሚሰበስቡ አይደሉም። በደቡብ ምዕራብ አሜሪካና በላቲን አሜሪካ የሚኖሩት ፔፕሲስ የሚባሉት ታራንቱላ የሚባለውን ግዙፍ ጸጉራም ሸረሪት የሚያድኑ ሲሆን፣ አንድ ሸረሪት ለአንድ ልጅ ይበቃል። የኒው ሜክሲኮ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1989 ከእነዚሁ መካከል አንዷን የግዛቱ መለያ ነፍሳት አድርጎ መርጧል። የነፍሳትን ንድፊያ ሕመም በራሱ ላይ እየለካ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ያወጣው አሜሪካዊ ተመራማሪ ጀስቲን ሽሚት ለፔፕሲስ የመጨረሻውን 4 ሰጥቷል። የጭቃ መራጊዎቹ ንድፊያ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አሁን ወደ አቪዬሽኑ ጉዳይ እንመለስ። አውሮፕላን ፍጥነቱን የሚለካው ከአፍንጫው አካባቢ ወደ ፊት በተዘረጉ፣ ፒቶ ቱቦ በሚባሉ ትናንሽ ቱቦዎች አማካይነት ነው። መሣሪያው የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1732 የወንዝ ውኃ ፍጥነትን ለመለካት በፈጠረው ፈረንሳዊ መሐንዲስ በኦንሪ ፒቶ ነው። ወደ ቱቦው የሚገባው የአየር ግፊት ከአካባቢው የአየር ግፊት ጋር ሲነጻጸር ፍጥነቱ ይታወቃል። የቱቦዋ ቀዳዳ ጠባብ፣ ከዝናብ የተጠበቀችና ጸጥ ያለች ናት። ክፍል ፍለጋ ለምትዞር ተርብ ከዚህ የተመቸ ቦታ አይገኝም።

ጥር 28 ቀን 1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1996) ማታ፣ በካሪቢያን ከምትገኘው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ የፖርቶ ፕላታ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ቦይንግ 757 አውሮፕላን ወደ ጀርመን ለመብረር ተነሣ። በውስጡ 176 መንገደኞችና 13 የበረራ ሠራተኞች ነበሩ። አውሮፕላኑ ከዚያ በፊት ለ20 ቀናት ያህል ሳይበር ቆሞ የነበረ ሲሆን፣ ከበረራው በፊት የፒቶ ቱቦዎቹ መሸፈኛ አልተደረገላቸውም ነበር። በመንደርደሪያው ላይ የዋና አብራሪው የፍጥነት መለኪያ እንደማይሠራ ታወቀ። የረዳቱ መለኪያ ግን ይሠራ ስለነበር በረራው ቀጠለ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር የቱቦው መደፈን እንዴት እንደሚያታልል ያሳያል። የተደፈነ ቱቦ በውስጡ ያለውን የምድር ግፊት ይዞ ይቀራል። አውሮፕላኑ ከፍ ባለ ቁጥር የውጩ ግፊት ይቀንሳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም እየሰፋ ይሄዳል። መለኪያው ይህንን ልዩነት የፍጥነት መጨመር አድርጎ ያነበዋል። በመሆኑም የዋና አብራሪው መለኪያ አውሮፕላኑ ከልክ በላይ እየፈጠነ እንደሆነ ማሳየት ጀመረ። ከዚሁ መለኪያ መረጃ የሚቀበለው አውቶማቲክ መሪ ፍጥነቱን ለመቀነስ አፍንጫውን ከፍ አደረገ፣ የሞተሩንም ኃይል ቀነሰ። በእውነቱ ግን አውሮፕላኑ እየዘገየ ነበር። አንዱ ማስጠንቀቂያ በጣም ፈጥናችኋል ሲል ሌላው በጣም ዘግይታችኋል ይል ጀመር። አብራሪዎቹ የትኛውን እንደሚያምኑ ግራ እንደገባቸው አውሮፕላኑ መንሳፈፊያ ኃይሉን አጥቶ በተነሣ በአምስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወደቀ። ከ189ኙ ሰዎች አንድም አልተረፈም።

የፒቶ ቱቦዎቹ ከባሕር አልወጡም። በመሆኑም በውስጣቸው ምን እንደነበረ በዓይን ያየ የለም። መርማሪዎች ከሁሉም የበለጠ አሳማኝ ሆኖ ያገኙት ግምት በአካባቢው በብዛት የምትገኘው ጥቁርና ቢጫ ጭቃ መራጊ ተርብ፣ ማለትም የእኛዋ ተርብ የቅርብ ዘመድ፣ በቱቦው ውስጥ ጎጆ ሠርታለች የሚለው ነው። ለአደጋው ተርቧን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ግን ትክክል አይሆንም። መሸፈኛው ቢደረግ ኖሮ፣ መለኪያው እንደማይሠራ በታወቀ ጊዜ መንደርደሩ ቢቋረጥ ኖሮ ጎጆዋ ጉዳት ባላደረሰ ነበር።

ችግሩ በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 ከአውስትራሊያ ብሪስቤን አውሮፕላን ማረፊያ የተነሣ አንድ ኤርባስ 330 በፍጥነት መለኪያ መዛባት ምክንያት ተመልሶ አርፏል። በዋና አብራሪው በኩል ያለው ቱቦ በተርብ ጭቃ ተደፍኖ የተገኘ ሲሆን፣ አውሮፕላኑ ምድር ላይ የቆየው ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። ከዚህ በኋላ ተመራማሪዎች በማረፊያው ልዩ ልዩ ቦታዎች በሦስት አውታር ማተሚያ የተሠሩ አስመሳይ ቱቦዎችን ተክለው ለ39 ወራት ተከታትለዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። በዚያ ጊዜ ውስጥ 93 ጊዜ ቱቦዎቹ ሙሉ በሙሉ ተደፍነው ተገኝተዋል። ጥፋተኛዋ ግን ሸረሪት አዳኟ አልነበረችም። ከላቲን አሜሪካና ከካሪቢያን ወደዚያ የገባች፣ አባጨጓሬ የምታድንና የራሷን ጎጆ ከመገንባት ይልቅ ያገኘችውን ቀዳዳ በጭቃ መድፈን የምትመርጥ ሌላ ተርብ ነበረች። በዚያው ዓመት በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ብዙ አውሮፕላኖች ለረጅም ጊዜ ቆመው ስለነበር፣ የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ ወደ በረራ የሚመለሱ አውሮፕላኖች የፒቶ ቱቦዎች በጥንቃቄ እንዲፈተሹ ማሳሰቢያ አውጥቷል።

አውሮፕላን የሌለን ሰዎችም ከዚህ የምናገኘው ቁም ነገር አለ። ለወራት የቆመ ጄኔሬተር፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ወይም የቆመ መኪና ከመነሣቱ በፊት የጭስና የአየር መተላለፊያ ቀዳዳዎቹን መመልከት ተገቢ ነው። ለጊዜው አገልግሎት የማይሰጥ ቱቦ አፉ በጨርቅ ወይም በላስቲክ ቢሸፈን ይመረጣል። በግድግዳ ላይ ያለውን ጉብታ በተመለከተ ግን ጸረ ነፍሳት መርዝ መርጨት የሚያስፈልግበት ምክንያት አይታይም። ተርቧ ሰው አትተናኮልም፣ ምግብ አታበላሽም፣ በሽታም አታስተላልፍም። እድፉ ያስቸገረው ሰው ጎጆው ባዶ መሆኑን አረጋግጦ በሚስማር ወይም በመፋቂያ ሊያነሣው ይችላል።

ባዶ መሆኑን ለማወቅ መስበር አያስፈልግም። በላዩ ላይ እርሳስ የሚያህል ክብ ቀዳዳ ካለ፣ በዚያ በኩል አንዲት ተርብ ወጥታለች ማለት ነው። የቀዳዳዎቹ ቁጥር የወጡት ተርቦች ቁጥር ነው። ቀዳዳዎቹ በጣም ትናንሽ፣ መርፌ የሚያሾልኩ ያህል ከሆኑ ግን የወጡት ጥገኞቹ ናቸው። ምንም ቀዳዳ የሌለው ጉብታ በውስጡ የተኙ አሉበት። ያረጁትንም ሌሎች ብቸኛ ንቦችና ተርቦች ገብተው ይጠቀሙባቸዋል፤ አልፎ አልፎም ሸረሪት ራሷ ገብታ ድሯን አድርታ ትቀመጥበታለች።